ዘመናይና የተርቧ ደጅ

ዘመናይን የማውቃት ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ካልተሰለፉ አሜን አይወጣትም። ጠዋት የተነሣ ሰው መጀመሪያ ደጁን ይጠርጋል ተብላ ነው ያደገችው፤ መጥረጊያ ካየች እጇ አያርፍም።

በፈረንጆች 2011 ኡንተርሊደርባህ በተባለ ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ በጽዳት ተቀጥራ ነበር። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማንም ሳያዛት፣ የጓሮውን አሸዋማ መንገድ ልቅም አድርጋ ጠረገችው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ጥዱ ሥር በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሸለብ አድርጓቸው የነበሩት ጡረተኛው መምህር ሄር ፎግት ነቅተው ጮኹ። ጠዋቱን ሙሉ አንዲት ቀጭን ተርብ ብቻዋን ጉድጓድ ስትቆፍር ሲያዩ ነበር። ተርቧ የጉድጓዷን አፍ በጠጠር ደፍና፣ አሸዋ በትናበት አደን ሄዳለች። ስትመለስ ቤቷን የምታውቀው በዙሪያው ባሉት ጠጠሮችና የጥድ ፍሬዎች ነው። እነሱ ደግሞ አሁን ዘመናይ ባልዲ ውስጥ ናቸው።

ተርቧም ከራሷ የሚበልጥ አረንጓዴ ትል እየጎተተች መጣች። ትሉን አስቀምጣ እዚህም እዚያም ጫረች፤ ቤቷ ጠፋባት። የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። ዘመናይ በጣም አፈረች።

ተንበርክካ ባልዲውን ገለበጠችና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ትመልስ ጀመር።

"ትልቋ ወደ ግራ ነበረች" ይላሉ ሄር ፎግት። "የለም፣ ትንሽ ራቅ አድርጊያት።"

የጽዳት ኃላፊው ጠዓመ በመስኮት ብቅ አለ።

"ዘመናይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ይጠብቅሻል! ፕሮቤጻይትሽ፣ የሙከራ ጊዜሽ እኮ አላለቀም!"

"ይጠብቅ! ያበላሸሁትን ሳላስተካክል አልነሣም። ከፈለግህ ጻፍብኝ!"

ጻፈባት። የሙከራ ጊዜዋም በዚያው ሰበብ ሁለት ወር ተራዘመ። እሷ ግን ያን ዕለት ንቅንቅ አላለችም። ሦስት ጊዜ ደርድራ ሦስት ጊዜ አፈረሰችው።

በአራተኛው ተርቧ በሁለት ፍሬዎች መካከል ቀጥ ብላ ሄዳ አሸዋውን ጫረች። ጉድጓዱ ተከፈተ። ትሉን አስገብታ እንቁላሏን ጣለችበት፤ ወጥታ አፉን በጠጠር ደፈነች፤ አሸዋ በተነችበት፤ የጥድ ቅጠል ስባሪ ሳይቀር ጎትታ አለበሰችውና በረረች።

"የቱ ጋ ነበር?" አሉ ሄር ፎግት አንገታቸውን አስግገው።

ዘመናይ አፍንጫዋ አሸዋውን እስኪነካ አጎንብሳ ፈለገች።

"እኔንጃ!" አለች። "እኔም አጣሁት!"

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።