አርባ ጥማድ በእማሆይ ስም

ስለ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ እኔን ጠይቁ፤ ሌላ ሰው አትጠይቁ። ሌላው «ቅድስት ነበሩ» ብሎ ከንፈሩን ይመጥና ያልፋል። እኔ ደብሪቱ ግን የአጥር ጎረቤታቸው ነበርኩ። እሳቸው ሲያስላቸው እሰማለሁ፣ እኔ ስቆጣ ይሰሙኛል። ቅድስትነታቸውን እግዜር ይወቀው። እኔ የማውቀው ጨው የበዛበት ወጥ እንደማይወዱና ዶሮዬ ጓሯቸውን ስትጭር ድንጋይ እንደሚወረውሩባት ነው። አንድ ጊዜ እግሯን ሰብረውብኝ ሳምንት ተኳርፈናል።

ሠላሳ ሰባት ዓመት የደብራችን አቃቢት ነበሩ። ለቅዳሴው ኅብስት ስንዴውን የሚለቅሙት፣ የሚያጥቡት፣ የሚፈጩት እሳቸው ናቸው። ባላቸው በሞተ በዓመቱ መነኮሱና እዚያው ወፍጮው ላይ እንደተደፉ አረጁ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፤ አዝመራ ሲገባ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና እህል ይሰፈርላቸዋል፣ ከደጀ ሰላሙ ጎን ያለችውን ሁለት ጥማድ የደብሩን መሬት ደግሞ ተራ ገብተን እናርስላቸዋለን። ጉልበት ሲከዳቸው፣ ሲታመሙም፣ የሚጦራቸውና ለመድኃኒተኛው የሚከፍልላቸው ያው ቁና ነው። «ልጅ ባልወልድ እናንተ አላችሁልኝ» ይሉ ነበር። አመኑን።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ዓመት ሲሆነው መሬት የሚመዘግብ ሹም ወደኛ ወደ ይጁቤ ዙሪያ ወረደ። መሬቱ የተጻፈበት ሰው አሥራት ይከፍላል ተባለ። የኛ አገር ሰው ደግሞ መሬቱን ከሚያስለካ ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። ለገዛ ንጉሡ ያላስለካውን ለጣሊያን ሊያስለካ ነው? ሌላም ፍርሃት ነበረ፤ ግብር ከፋይ ተብሎ ስሙ የወጣ ሰው ዱር ያሉት አርበኞች ቤቱን ያቃጥሉበታል።

ይኼኔ ጭቃ ሹማችን እንዳላማው ዘዴ አመጣ። አሁን አንቱ ልለው አፌ እንቢ ይለኛል፤ ያኔ ግን አያ እንዳላማው ነበር የምንለው።

«ጣሊያን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሬት አይነካም ይባላል» አለ። «ከወንዙ ወዲህ ያለው ሁሉ የአቃቢቷ ነው እንበል። አንዲት አሮጊት መነኩሴ ማን ይነካል?»

ሹሙ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ቃል ማሉ። አርባ ጥማድ መሬት በእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ስም ተጻፈ። ከአርባው ሦስቱ የባሌ የባዘዘው ነው። ያን ቀን ያልሳቀ የለም፤ እኔም ስቄያለሁ። «እማሆይ፣ እንኳን ለባለርስትነት አበቃዎት!» ብላቸው፣ «እንግዲያው ያረሳችሁበትን ሲሶ አምጪ፣ አንቺ ቀላማጅ!» አሉኝ። ተሳሳቅንና ወደ ሥራችን ገባን።

በመስከረም መጨረሻ እማሆይ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ወደቁ። ቅልጥማቸው ላይ የወጣችው ቁስል መጀመሪያ ሽምብራ አታህልም። ጠበል ሞከርን፤ መድኃኒተኛው ቅጠል አሰረበት። ጥቅምት ሲጋመስ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ ጠቆረ፤ ሽታው ደጅ ድረስ ይቀበላል። ከይጁቤ አንድ ሰው እንዲሁ ሆኖ ደብረ ማርቆስ የጣሊያኑ ሐኪም በመርፌ አዳነው የሚል ወሬ ሰማን። እኔና ባዘዘው ከሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ይዘናቸው ወጣን።

ሐኪሙ እግራቸውን ገልጦ አየ። ዛሬ ከተጀመረ ይድናል ማለቱን አስተርጓሚው ነገረን። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን አስተርጓሚው ስማቸውን ጠየቀና ማዶ ካለው ጽሕፈት ቤት መዝገብ አስመጣ።

«መሬት የሌለው ደሃ ሽማግሌ ከሆነ መንግሥት ይከፍልለታል» አለ። «መሬት ያለው ደግሞ አሥራት የከፈለበትን ወረቀት ያሳያል። መድኃኒቱ የሚገዛው በዚያ ነው።» ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ወለተ ኢየሱስ፣ አቃቢት። አርባ ጥማድ። የተከፈለ የለም።» ሳቀ። «እመይቴ፣ እርስዎን የሚያህል ባለመሬት እኮ በዚህ አገር ጥቂት ነው! የአርባውን ጥማድ አሥራት ይክፈሉና ይምጡ።»

«የሳቸው አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ባዘዘው ክንዴን ይዞ ጨመቀኝ። በሐሰት አስመዘገበ የተባለ ሰው በገበያ ቀን ሲሰቀል ሁላችንም አይተናል።

እማሆይ ከቃሬዛው ላይ ቀና አሉ። አስተርጓሚው «መሬቱ የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?» አላቸው። ባዘዘውን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«የኔ ነው» አሉ።

በዕድሜያቸው የዋሹት ይህችን ብቻ ይመስለኛል፤ እሷንም ለኛ ብለው። ያንኑ ቃሬዛ ተሸክመን ተመለስን። 

በማግሥቱ እንዳላማው ሃያ ሁለቱን አባወራ ደጀ ሰላም ሰበሰበ። የአርባ ጥማድ አሥራት ላንድ ቤት ጎተራ የሚያራግፍ ነው፤ ለሃያ ሁለት ቤት ግን ማንንም አያስርብም።

«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለ እንዳላማው ራሱ። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ማን ይጀምር ተባለ። አንዱ የኔ ድንጋያማ ነው አለ። ሌላው ገና አላጨድኩም አለ። ከኋላ አንዱ ደግሞ «ዘንድሮ ከከፈልን እኮ በየዓመቱ ክፈሉ ይለናል» አለ። ያቺ ቃል ያዘቻቸው።

ከሴቶቹ በኩል ተነሣሁ። «እንግዲያው እውነቱን ተናገሩና በደሃነታቸው ይታከሙ! ሠላሳ ሰባት ዓመት የፈጩላችሁ እኮ ናቸው!»

«አንቺ ሴትዮ» አለኝ እንዳላማው፣ «ባልሽን ማሰቀል ከፈለግሽ መንገዱ ያውልሽ።»

ባዘዘው መሬት መሬት ያያል። ቤት ስንገባ ጮህኩበት። «አንተ ግን ሰው ነህ? እንዲያው ምናለ አንተ ብትጀምር?»

«የኛን እህል ብቻ ይዤ ብሄድ አርባውን ይከፍላል?» አለኝ።

አይከፍልም፤ እውነቱን ነው። ግን ሃያ ሁለቱም ቤት ይህንኑ እውነት ይዞ ተቀመጠ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማውራት ይከብደኛል። ጠዋት ጠዋት ቁስሉን በሙቅ ውሃ አጥባለሁ፤ እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። ማንንም አልረገሙም፣ ማንንም አልወቀሱም። አንድ ቀን ብቻ እጄን ያዙና፣ «ደብሪቱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስፈጭ አንድ ቀን ስንዴ አጉድዬባችሁ አውቃለሁ?» አሉኝ። «ኧረ በፍጹም፣ እማሆይ» አልኳቸው። 

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ጎሕ ሲቀድ አረፉ። ነጠላዬን አደግድጌ፣ መንደሩን ልቀሰቅስ ወደ ደጅ ስወጣ፣ ለኑዛዜ መጥተው የነበሩት ቄስ ነግረውት ኖሮ እንዳላማው እየሮጠ መጣ።

«ድምፅ እንዳይሰማ!» አለ። «አቃቢቷ ሞተች ከተባለ መዝገቡ ይገለጣል፤ አርባው ጥማድ እንደገና ይጻፋል። ያኔ ሁላችንም አለቅን!»

ደወል አልተደወለም። መርዶ ነጋሪ አልተላከም። ቄሱ ፍትሐቱን በሹክሹክታ አደረሱ። አፈሩን መልሰው ሜዳ እስኪመስል ደለደሉት፤ ሣር ነሰነሱበት። በኛ አገር ሌባ እንኳ ሲሞት እናቱ ታለቅስለታለች። እማሆይን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ቀበርናቸው።

ከዚያ በኋላ ጣሊያን እስኪወጣ ሦስት ዓመት ያህል በሕይወት አሉ ተባለ። የሹሙ ሰዎች ሲመጡ «ታመው ተኝተዋል» እንላቸዋለን። ጎጆው ሰው ያለበት እንዲመስል ጠዋት ጠዋት ገብቼ እሳት የማነድደው እኔ ነበርኩ። አመድ እጠርጋለሁ፣ ጭስ አስወጣለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እመለሳለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ተዝካራቸው ወጣ። ፍሪዳ ወደቀ። እንዳላማው ከሁሉ በላይ ጮኾ አለቀሰ፣ ደረቱን ደቃ። ሰው «ቢወዳቸው ነው» አለ። እኔ ደሜ ፈላ፤ ተነሥቼ ላዋርደው ፈለግሁ። ምን ብዬ? ባረፉበት ጠዋት እንዳላማው ዝም በሉ ብሎ ወደ ሌላው ቤት ሮጠ እንጂ አጠገቤ አልቆመም። ባዘዘውም ገና አልተነሣም። እማሆይና እኔ ብቻችንን ነበርን። እንዳልጮኽ አፌን በነጠላዬ የያዝኩት እኔው ራሴ ነኝ። ከአርባው ሦስቱ ጥማድ የኛ ነበር።