ደጀን በጣቱ የፈታው ጥያቄ

ደጀን አራጌ መቱ ላይ ኮምፒውተር እየጠገነ ሲኖር የዓይኑ እይታ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ መጣ። መጀመሪያ በጎን የሚመጣ ባጃጅ አልታይ አለው፤ ቀጥሎ የላፕቶፑ ፊደላት ጠፉበት። ሐኪሙ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ መሆኑን ነግሮ፣ "የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀው" አለው። ጠብታው ግን ከፋርማሲ ይጠፋል።

በዚያ ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የፕሮግራሚንግ ውድድር አወጣ። ላሸነፈ፣ ቤቱ ሆኖ የሚሠራው ሥራ ይሰጠዋል። ደጀን እህቱን ትግስትን ከአገራቸው ከኡካ አስጠራት።

"እኔ ኮድ መች አውቃለሁ?" አለችው።

"አንቺ አንብቢልኝ። መጻፉን ጣቴ ያውቀዋል።"

ጥያቄው ስለ አሬይ፣ በተርታ ስለተቀመጡ ቁጥሮች ነበር። ተርታውን የተባለውን ያህል ቦታ ወደ ቀኝ ግፋ፣ ከጫፍ የወጡት ከፊት ይግቡ፣ ሌላ ተርታ ግን አትፍጠር ይላል። ደጀን ባቄላ አስመጥቶ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረ። እየዳሰሰ ሁሉንም ገለበጠው። ትልልቆቹ ፊት መጡ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተዛነፈ። የፊቶቹን፣ የሚገፉትን ያህል፣ ለብቻ፣ የኋለኞቹን ለብቻ መልሶ ሲገለብጣቸው ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ያንኑ በኮድ ጽፎ ላከ።

"አንዱ መሞከሪያ አላለፈም፣ ቀይ ነው" አለች ትግስት። "የሚገፋው ቁጥር ከተርታው ርዝመት በልጧል ይላል።"

"ዞሮ መነሻው ላይ ይመጣላ! ለርዝመቱ ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ነው መግፋት።"

አስተካክሎ ሲልከው ትግስት እልል አለች። አከራያቸው እትዬ ዋሪቱ ደንግጠው ገቡ።

"ማሊ? ምን ሆናችሁ?"

"አለፈ፣ እትዬ! ሁሉንም አለፈ!"

ድርጅቱ ለቃለ መጠይቅ ደወለ። ኮዱን ስክሪኑ ላይ እያየ እንዲያስረዳቸው ጠየቁት።

"በቃሌ ላስረዳችሁ። ዓይኔ አያይም፤ እህቴ ናት የምታነብልኝ" አለ።

እነሱም "እናሳውቅሃለን" ብለው ዘጉ።

ክረምቱ ወጣ፤ ያሳወቀው የለም። በመጨረሻ ትግስት ራሷ ደወለች።

"የሚያይ ሰው ነው የምንፈልገው አሉኝ" አለችው።

"ያን ቀን አውቄዋለሁ። መስኮቱን ክፈቺው እስቲ፣ ጨለመ።"

"ተከፍቷል እኮ።"

ደጀን እጁን ዘርግቶ የመስኮቱን መከፈት በጣቱ ዳሰሰ። እትዬ ዋሪቱ ዕቃውን ሲያስሩ አገዟቸውና ትግስት ወንድሟን ወደ ኡካ ወሰደችው። ዛሬም እዚያው ነው። የጎረቤት ስልክ ሲበላሽ ለእህቱ እየነገረ ያሠራል። ላፕቶፑን ግን ማንም እንዲከፍትበት አይፈልግም።