የአባቱን ስም የደበቀው የድጓ ተማሪ

ባለፈው ሳምንት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለችው ትንሽ ሱቄ ተቀምጬ ሚስማር በየመጠኑ ስለይ ሬዲዮው ዜና ያወራ ነበር። ከውጭ የመጡ ልዑካን ከባለሥልጣናት ጋር ሽብርን በጋራ ስለ መከላከል ተወያዩ፤ ሰልፍ ሲወጣ ፖሊስ ሊያደርገው ስለሚገባ ጥንቃቄም ሐሳብ ተለዋወጡ፤ ውይይቱ መተማመን የሰፈነበት ነበር አለ። የለየሁት ሚስማር ሁሉ ከእጄ ወድቆ ተቀላቀለ። እንደገና መለየት ጀመርኩ፣ እንደገና ቀላቀልኩት። በመጨረሻ ሬዲዮውን ዘግቼ ያለ ምንም ጉዳይ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሚስቴ እንዲህ ስቅበጠበጥ ስታየኝ "ደግሞ ምን ነካህ?" ትላለች። ለእሷም በደንብ ነግሬያት አላውቅም።

ወጣት ሳለሁ ፖሊስ ነበርኩ። የተመደብኩት ጋይንት ውስጥ ካለች አንዲት የገበያ ከተማ ነው፤ ስሟን ልተወው፣ ያኔ አብረውኝ የነበሩ ሰዎች አሁንም እዚያው አሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከየጣቢያው አንድ አንድ ሰው ለሥልጠና ባሕር ዳር ሲጠራ ከእኛ የተላክሁት እኔ ነኝ። አሠልጣኞቹ ሁለት ፈረንጆች ነበሩ፤ ትምህርቱ የመንግሥታቱ የፀረ ሽብር ትብብር አካል ነው ተባልን። የተጠርጣሪ ምልክቶችን በቃሌ ሸመደድኩ፦ ስሙንና አገሩን የሚደብቅ፣ ለአካባቢው እንግዳ የሆነ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጽሑፍ የያዘ። ጎበዝ ጎበዙ ለሚቀጥለው ሥልጠና ውጭ አገር ይሄዳል የሚል ወሬም ሰማሁ። የምስክር ወረቀቴን ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኩት፤ ባየሁት ቁጥር አውሮፕላን የተሳፈርኩ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ የከተማው ወጣቶችና ተማሪዎች በገበያ ቀን ለተቃውሞ ወጡ። መጀመሪያ ዝም ብለን አየናቸው። ከዚያ አንድ ድንጋይ ተወረወረ፤ ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ዱላ ይዘን ገባንባቸው። ገብስ ተደፋ፣ የቅቤ ቅል ተረገጠ፣ አህያ ጭነቱን እንደያዘ በሰው መሀል ጋለበ። እኛም ሮጦ ያላመለጠንን ሁሉ ያዝን።

ከተያዙት አንዱ የድጓ ተማሪ ነበር። ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም። ድጓ ከሚማሩበት ከቤተ ልሔም፣ ጥበቡ ከሚባል ጓደኛው ጋር ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ ሊገዙ መጥተው ነው ግርግሩ መሀል የገቡት። ጥበቡ አጥር ዘሎ አመለጠ። እሱ ግን ከአኩፋዳው የተበተኑ የብራና ቅጠሎች ነበሩበት፤ የራሱን ድጓ በእጁ እየገለበጠ ነበርና ትቷቸው መሮጥ አልሆነለትም። ተንበርክኮ ሲለቅም ደረስንበት።

አለቃችን ኢንስፔክተሩ ብራናውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገላበጠው።

"ይሄ ከፊደሉ በላይ የተጫጫረው ትንንሽ ነገር ምንድን ነው?"

"የዜማ ምልክት ይመስለኛል፣ ጌታዬ።"

"ይመስለኛል? የሠለጠንከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት ተኩል ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ውሻውና ረኀቡ አባረሩኝ እንጂ የዜማ ምልክት ምን እንደሚመስል አሳምሬ አውቃለሁ። "ድጓ ነው" ብሎ መጨረስ ነበር። እኔ ግን ምስክር ወረቀቴ ትዝ አለኝና "ቢጣራ ጥሩ ነው" አልኩ። በዚህች ቃል ዛሬም አፍራለሁ።

መርማሪ ሆኜ የተመደብኩትም እኔው ነኝ።

"ስምህ?"

"ወልደ ገብርኤል።"

"እሱ የክርስትና ስምህ ነው። የአባትህስ?"

"አባቴ የኔታ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቁ።"

"አገርህ የት ነው?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ ከላይ ትእዛዝ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ስለ ፀረ ሽብር ትብብሩ ከውጭ እንግዶች ጋር የሚደረገው ንግግር ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ጣቢያ በሽብር የሚጠረጠሩትን ዘርዝሮ እንዲልክ፣ ሰዎቹም ሰኞ በሚመጣው መኪና እንዲጫኑ የሚል ነው። ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር። "ባዶ ወረቀት ብንልክ ምን ስትሠሩ ከረማችሁ ይሉናል" አለ። የከተማውን ልጆች አባቶቻቸው ዋስ እየሆኑ አስወጧቸው። የኔታም በእግራቸው መጥተው "እኔ ዋስ ልሁነው" ብለው ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠየቁ "ምን እንደተማረ እንጂ ከማን እንደተወለደ ጠይቄው አላውቅም" አሉ። ኢንስፔክተሩ መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ እስከ በር ሸኝቶ መለሳቸው። ዝርዝሩ ላይ የወልደ ገብርኤልን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከጎኑም "ማንነቱን የደበቀ" አልኩበት።

ለምን እንደደበቀ ግን ገና ሲያዝ ገብቶኝ ነበር። ከቤት ጠፍቶ የሚማር ሰው አገሩን አይናገርም፤ ከተናገረ ዘመድ መጥቶ ይወስደዋል። እኔም የእስቴ ልጅ ሆኜ ሳለሁ ለአስተማሪዬ የላስታ ነኝ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትኩስ የገብስ ቆሎ በኪሴ ይዤ ገባሁ። አብረን እየቆረጠምን ስለ ራሴ፣ ስለ ነከሰኝ ውሻ ሁሉ አጫወትኩት። ከተያዘ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

"ሰኞ ከተጫንክ ማን እንደሚያወጣህ እኔም አላውቅም" አልኩት። "የአባትህን ስም ብቻ ንገረኝ።"

"ከነገርኩህ ይመጣል። ባለፈው ጎጃም ድረስ ተከትሎ መጥቶ ከጉባኤ መሀል ጎትቶ አውጥቶኛል። ወንድሞቼ ሞተዋል፤ በሬ የሚጠምድለት የለም። አልፈርድበትም። ግን ድጓውን ጨርሼ ለምስክር የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ብቻ!"

"ለማንም አልናገርም።"

"ማልልኝ።"

ማልኩለት። የአባቱን ስምና ስማዳ ውስጥ ያለውን ቀበሌውን ነገረኝ። ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ጥበቡ ብቻ ነው አለኝ። የአባቱን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ መጻፌ ይበቃል።

ከዚያ ወጥቼ ግቢውን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አላውቅም። ዝም ብል ሰኞ ይጫናል፤ ያ መኪና ወዴት እንደሚያደርሰው የሚያውቅ የለም። ብናገር ይፈታል፤ ግን ትምህርቱ ያከትማል። ደግሞ አልዋሽም፣ አንድ ሌላ ሐሳብም ሽው ብሎብኛል፦ ማንም ያላገኘውን ስም አወጣ ይሉኛል። በመጨረሻ ስሙን ጽፌ ለኢንስፔክተሩ ሰጠሁት። እሱም በመገናኛ ሬዲዮ ለስማዳ ፖሊስ መልእክት አስተላለፈ።

አባትዬው ሰኞ ማለዳ ደረሱ። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ጋቢያቸው ላይ ውርጭ ነበረበት፤ እጃቸው በገብስ አጨዳ ተሰነጣጥቋል። የቀበሌውን ደብዳቤ እንደ ጽላት በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። "ልጄን ስጡኝ" አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። ኢንስፔክተሩ ደብዳቤውን አንብቦ ከዝርዝሩ ላይ ሰረዘው። መኪናውም መጥቶ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጭኖ ሄደ።

ወልደ ገብርኤል ሲወጣ አባቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ማን ነገረው?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር።

"እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"እንግዲያው ጥበቡ ነው" አለ። የብራና ቅጠሎቹን ከነአኩፋዳው አስታቀፈኝና "ለየኔታ ስጥልኝ፤ አባቴ ቤት አይጥ ይበላዋል" አለኝ። ከአባቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ በስማዳ መንገድ ወረደ። ዞር አላለም።

ውጭ አገር የተላከው ሌላ ሰው ነው። እኔ ሁለት ዓመት ቆይቼ ሥራውን ለቀቅሁ። በሕሊናዬ ተነሥቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አግብቼ ነው፣ ደመወዙም አልበቃ ብሎኝ። ወደ እስቴ ተመልሼ ሱቅ ከፈትኩ፤ ማረሻ፣ ሚስማር፣ ገመድ እሸጣለሁ።

አንድ ቀን ከደጄ የቆመ ገበሬ "አንተ! የቆሎው ፖሊስ!" ብሎ አቀፈኝ፤ ወልደ ገብርኤል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እርሻ ሲደርስ ማረሻና ሚስማር ሊገዛ ከስማዳ ይመጣል። አባቱ አርፈዋል፣ ልጆች ወልዷል። ሚስማር የምጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ሳያነብ ከሱቄ አይወጣም፤ ሚስማሩን ኪሱ ከቶ ወረቀቱን እዚያው ቆሞ ዳር እስከ ዳር ይጨርሰዋል። ስለ ድጓ አያወራም። ስለ ጥበቡ ግን አንድ ጊዜ አንስቷል። ጥበቡ ተመስክሮለት መሪጌታ ሆኗል፤ ለሠርጉም፣ ለአባቱ ልቅሶም ሰው ልኮበት ነበር። "መልስ አልሰጠሁትም" አለኝ። "ያኔ ሰው የሆንክልኝ አንተ ብቻ ነህ።" እኔም ጎንበስ ብዬ ሚስማር መቁጠር ጀመርኩ።

ሬዲዮው ያን ዜና ከተናገረ ወዲህ እንቅልፌም ምግቤም ልክ አልሆነም። ሦስት ቀን ሙሉ የአባትህን ስም ንገረኝ ብዬ ያስጨነቅሁት ሰው እኔን የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለዚያችም ዋሸሁት። ስሙን የተናገርኩት ላስፈታው ነበር ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ስለ ውሸቱ ግን መከራከሪያ የለኝም፤ እሱ የጠቀመው እኔን ብቻ ነው፣ የከፈለበት ደግሞ ጥበቡ ነው።

ፊት ለፊት ልነግረው ስንት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ቅዳሜ ማረሻ ሊገዛ ይመጣል። ሚስማሩን የምጠቀልለው ይህን በጻፍኩበት ወረቀት ነው፤ እሱ እዚያው ቆሞ እስኪጨርስ እኔም ከሱቄ አልወጣም። ወልደ ገብርኤል፣ ለአባትህ ያስነገርኩት እኔ ነኝ። ጥበቡ አይደለም።