መራጮቹን የጠበቅንበት ቀን

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የቀበሌያችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበርኩ። አንድ እሑድ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለና ከጠዋት ጀምሮ ሜዳ ዋልን። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እየተነሳሁ መንገዱን አያለሁ። የሚያልፈው ሁሉ የመቂ ሽንኩርት የጫነ ነው።

"ኧረ አንዴ እንኳ ተቀመጪ!" አለችኝ አምበላችን። እሷም ግን ጥፍሯን ትበላ ነበር።

ወደ ማምሻው ላይ አሠልጣኛችን "ስብሰባ ገጥሟቸው ቀርተዋል፤ በሉ ወደ ቤት" አሉን። ማናችንም አልተነሳንም።

"ጋሼ፣ ለሁለት ተከፍለን እንጫወት" አልኳቸው።

ፊሽካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እንደዚያን ቀን ዘልዬ አላውቅም።

ቤት ስገባ እናቴ "ተመረጥሽ?" አለችኝ።

"አልመጡም" አልኳት። እራት ቀርቦ እንኳ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ ነበር።