አባቴ ያደሳት የወርቅ ሣጥን

የፈላ ሎሚ ሲሸተኝ ዛሬም የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቀጥ እላለሁ። አባቴ ቢቸና ላይ አንጥረኛ ነበር፤ ከእሳት ያወጣውን ወርቅና ብር በሎሚ ውኃ ቀቅሎ ሲያጠራው ሽታው ከቤታችን አልፎ መንገዱ ድረስ ይሄድ ነበር። ለሙሽሮች ጉትቻና አምባር፣ ክርስትና ለሚነሡ ልጆች የአንገት መስቀል ይሠራ ነበር። ሰው ሥራውን ይወድለት ነበር፤ ደጃችን ሲደርሱ ግን እናቶች ያዘሉትን ልጅ ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። የአንጥረኛ ዓይን ሰው ይበላል ይባል ነበርና ነው። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ነጠላው ለፀሐይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ባላቸው የሞቱባቸው እሜቴ የሺመቤት የሚባሉ የከተማው ትልቅ ሰው፣ አሽከራቸውን ጃንጥላ አስይዘው መጥተው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ለአባቴ ሰጡት። መዳፍ የምታክል የወርቅ ሣጥን ነበረች። ክዳኗ ላይ ሰማያዊ አበባ ነበረባት፤ አበባው ቀለም የተቀባ ሳይሆን ወርቁ ላይ ቀልጦ የተጣበቀ ብርጭቆ ነበር፤ ከአምስቱ ቅጠሎችም ሁለቱ ተፈርፍረው ወድቀዋል። ሣጥኗን ባላቸው በወጣትነታቸው የተሸለሟት ነበረች፤ እሜቴም ጥር ላይ ለምትዳረው ልጃቸው ለብርቄ ሊሰጧት ፈልገው ነበር።

«ትችለዋለህ?» አሉት።

«ወርቁን አውቀዋለሁ፣ እሜቴ። ብርጭቆውን አላውቀውም። ጊዜ ከሰጡኝ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አላቸው።

የሚያውቅ ሰው የተገኘው ሞጣ ነበር። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ ስንቁን ይዞ በእግሩ ሄደና፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአንድ አርመን አንጥረኛ ጋር የሠሩ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ተመለሰ። የተማረውን ለእናቴ ሲነግራት ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ይበራ ነበር፤ ብርጭቆው እንደ ዱቄት ይልማል፣ በውኃ ታጥቦ ወርቁ ላይ ይደለደላል፣ ከዚያ እሳት ይገባል። ቶሎ ከወጣ አይጣበቅም፤ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ወርቁ ራሱ ይቀልጣል።

ጥቅምትንና ኅዳርን ቁራጭ መዳብ ላይ ሲሞክር፣ ከገበያ የገዛው ብርጭቆ ሁሉ እየጠቆረ ሲበላሽበት ከረመ። አንድ ጠዋት ዓይኑ እኔ አንገት ላይ ካለው ሰማያዊ ዶቃ ላይ አረፈ። እናቴ ስወለድ ከሰው ዓይን እንዲጠብቀኝ ብላ ያሰረችልኝ ነበር።

«ከልጅ አንገት ላይማ አይፈታም» አለች እናቴ።

እኔ ግን ራሴ ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ዶቃው ተፈጭቶ በወደቁት ቅጠሎች ቦታ ገባና፣ ሣጥኗ ከእሳት ወጥታ ስትቀዘቅዝ አምስቱም ቅጠሎች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነው ታዩ። አባቴ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ ሣጥኗን ልናስረክብ አብረን ሄድን። ብርቄ ከእልፍኝ ወጥታ ሣጥኗን ከእጁ ተቀበለች፣ ወደ ብርሃን አዙራ አየቻትና ሳቀች። አባቴ ቆሞ ሲያያት ቆየ። በሦስተኛው ቀን ብርቄ በትኩሳት ወደቀች፣ እየተንቀጠቀጠች ትቃዥ ጀመር። የዚያኑ ዕለት ሰዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት፤ እኔም እያለቀስኩ ተከተልኩ።

ብርቄ የተኛችበት እልፍኝ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንድ የቤተሰቡ ሽማግሌ እኔን ወደ ፊት ጠርተው በለሰለሰ ድምፅ «አይዞሽ፣ ልጄ። ሣጥኑን ያመጣችሁ ቀን አባትሽ ብርቄን ትኩር ብሎ አይቷታል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አይቷታል» አልኩ።

ያየው እጇ ላይ ያለችውን ሣጥን እንደነበር አውቅ ነበር። ያን ግን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጨመርኩም፤ እውነቱን የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። አባቴ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከጋቢው ጫፍ ቀደው አጨሱባት፣ እሱንም አንገቱን ይዘው «እንትፍ በልባት፣ ልቀቃት!» አሉት። ጎንበስ ብሎ ተፋባት።

ማግሥቱን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የክሊኒኩ ድሬሰር ተጠርቶ መረመራትና፣ በኅዳር ዘመድ ልትጠይቅ ዓባይ በረሃ ወርዳ እንደነበር ሲሰማ «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጣት። በሳምንቱ ተነሣች፣ በጥርም ተዳረች። የዳነችው ግን አባቴ ስለተፋባት ነው ተባለ። ባትድን ገድሏታል ይባል ነበር፤ በመዳኗም ቡዳነቱ ተረጋገጠ።

አባቴ መዶሻውን አልጣለም፣ ሥራም አላጣም። እሱን ያጣነው እኛ ነን። በዚያ በጋ ከእኛ ጋር መብላት ተወ፣ ስናናግረው መሬት መሬት ያይ ጀመር። መጀመሪያ በእኔ የተቆጣ መስሎኝ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ራሴን እየደባበሰ «አንቺ ምን አደረግሽ? ምናልባት እውነት ይሆናል እኮ። ሰው በራሱ ምን እንዳለበት በምን ያውቃል?» አለኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ተወለደ። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ «ማንን ይመስላል?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«ገብተው አያዩትም?»

«አንቺ ንገሪኝ» አላት።

እናቴም እያለቀሰች አፍንጫውን፣ ግንባሩን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነገረችው። ወንድሜ ጎልማሳ ሆኖ አባታችንን እስኪቀብር ድረስ፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ዛሬ ወንድሜ ራሱ አያት ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ የልጁን ልጅ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት ሲያያት ይውላል፤ እሷም ጉንጮቹን በሁለት እጆቿ ይዛ መልሳ ታየዋለች፤ የሚያልፈው ሰው እንደ ማንኛውም አያትና ልጅ ሰላም ብሏቸው ይሄዳል። እኔም አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ደስ ይለኛል። ብዙ ግን ሳልቀመጥ ተነሥቼ እሄዳለሁ።