ጎረቤት የማትቀሰቅስ ፍሬዛ

ባለቤቴ አሰብ ካለው ነዳጅ ማጣሪያ ጡረታ ሲወጣ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የብረት መቁረጫ ማሽን፣ ፍሬዛ። ቶርኖ አይቼ ስለነበር ልዩነቱን ጠየቅሁት። ቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው ብረቱ ነው አለኝ፤ ፍሬዛ ላይ ግን ብረቱ በሞርሳ መንጋጋ ተይዞ ይቀመጣል፣ የሚሽከረከረው ከላይ ያለው መቁረጫ ነው።

«ታዲያ ብረቱ እንዴት ይንቀሳቀሳል?»

«የተቀመጠበትን ገበታ በእጅ እየዘወርሽ ነዋ።»

ከዚያ ወዲያ እኔም ለማየት ጓጓሁ።

ችግሩ የጎረቤት እንቅልፍ ነበር። በአሰብ ሙቀት ሰው የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከቀትር በኋላም ሁሉም ጋደም ይላል። ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ሴትዮ አንዱን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ እንቅልፍ ነሳኝ ብላ ለቀበሌ ከስሳ ሥራውን አስትታዋለች። ባለቤቴ ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልበትም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የበሮቻችንን ማጠፊያ እየፈታ መልሶ ይገጥም ነበር። ፍሬዛውንም ቢከለክሉት ምን እንደሚሆን እንጃ።

በደርግ ጊዜ አዲስ ማሽን ከውጭ ማስመጣት ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም። ወደ ናዝሬት የሚዛወር አንድ መካኒክ ሁለት አሮጌ ፍሬዛዎች እንደሚሸጥ ሰምተን ከሰዓት በኋላ ሄድን። አንደኛዋ በማርሽ የምትዞር፣ ከባድ ናት። ሁለተኛዋ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ የምትዞር፣ ቀለል ያለች።

«ጋሼ፣ ባለማርሿን ይውሰዱ» አለ መካኒኩ። «ያችኛዋ ብረቱን ባንዴ ብዙ ካስነከሷት ቺንጋዋ ይንሸራተታል።»

ባለቤቴ ባለማርሿ ላይ እጁን ጣል አድርጎ ነበር።

«ድምፃቸውስ?» አልኩ።

መካኒኩ ሳቀ። «እትዬ፣ ፍሬዛ እኮ ነው፤ ሬዲዮ አይደለም።»

ከግንብ ወዲያ ሆኜ ሰምቼ ልፍረድ ብዬ ወደ መካኒኩ ጎረቤት ግቢ ዞርኩ። አንዲት ወጣት ሴት በረንዳ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። የመጣሁበትን ነገርኳት። በአገጯ ግቢው ውስጥ ወዳለ አልጋ አመለከተችኝ፤ ባሏ ሰሌን ጥላ ሥር ተኝቷል።

«ሌሊቱን ወደብ ሲሸከም አድሮ ነው» አለች። «እኛ ምን አስጨነቀን? እሱ ይፍረድ።»

«የቺንጋዋን አስነሳ!» አልኩት መካኒኩን በግንቡ ላይ። እንደ ቬንትሌተር እፍ አለች፤ የሰውየው ማንኮራፋት አልተቋረጠም። «ብረት ቁረጥባት እንጂ!» አልኩ። ብዙ አስነክሷት ኖሮ ጮኸች፤ የሰውየው እግር ተንቀሳቀሰ። «ቀንስ!» አልኩ። ሲቀንስ ድምጿ ሽንኩርት ከሩቅ ሲጠበስ የሚሰማውን ይመስል ነበር። ማንኮራፋቱ ቀጠለ።

ባለማርሿ ግን ብረት ሳትነካ ገና ስትነሳ ሰውየው ብድግ አለ።

«ይሄ መካኒክ ናዝሬት አልሄደም እንዴ? ሄደ፣ ሄደ ትሉኛላችሁ፣ ይኸው አለ!»

ሚስቱ አፏን በሻሿ ያዘች። እኔን ከአልጋው አጠገብ ሲያይ ሽርጡን ሰበሰበ።

«እርስዎ ደግሞ ማነዎት?»

«ፍሬዛ ልገዛ መጥቼ ነው።»

«ከእኔ አልጋ?»

ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ባለቤቴ ሁሉንም በግንቡ ላይ ሰምቷል፤ ግን ከባለማርሿ አልራቀም።

«ባንድ ቀን የሚያልቀው ሥራ በዚያችኛዋ ሳምንት ይፈጃል» አለ።

«ሳምንቱን ምን ልትሠራበት አስበህ ነው?»

እጁን ከባለማርሿ ላይ አነሳ። ለመካኒኩም «በል የቺንጋዋን እሰርልኝ» አለው።

የመጀመሪያው ሥራ የመጣው ከባሕር ዳርቻዋ መንደር ከበይሉል ነበር፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ የጀልባ ሞተሩን ዘንግ ይዞ መጣ። ዘንጉ ላይ ቀጭን ቦይ ማውጣት ነበረበት። ባለቤቴ ከቀትር በኋላ ዘንጉን በሞርሳ አሰረና ወረቀት ወረቀት በሚያህል ውፍረት ይልጠው ጀመር። እኔ ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ከከሰሰችው ሴትዮ አጥር አጠገብ ቆምኩ።

«ተኝታለች?» አለኝ በሹክሹክታ።

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ራሴን ነቀነቅኩለት። የገበታውን መዘወሪያ አንድ ጊዜ አዞረ።