የሽኮኮዎቹ ቁርስ

ሐኪሙ «ስኳር አለብዎት» ባላት ዕለት ለእናቴ ሁለት ነገር አዘዘላት፤ በየጠዋቱ የሚዋጥ ክኒንና የእግር ጉዞ። «ዳገት ግን አይብዛብዎት» አላት። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ከቤታችን ወጥተን ወደ ግራም ብንታጠፍ ወደ ቀኝም ብንታጠፍ የሚቀበለን ዳገት ነው። እናቴ ገና ከበሩ ሳንወጣ ነገሩን አጣጣለችው። «ዕድሜ ልኬን በእግሬ ስሄድ ኖሬ ስኳሩ መች ቀረልኝ?» አለች። ከእናቴ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መንገዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ጋፋት እንሄድና ወደ ወንዙ ዳር እንወርዳለን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ውሃውን ተከትሎ ሜዳ ለሜዳ ነው። በበጋ ወንዙ ስለሚያንስ ድንጋዮቹ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ በመካከላቸው የተኛው ውሃ ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪታይ የጠራ ነው። በአንድ በኩል ሾላና ወይራ፣ በሌላው በኩል በመስኖ የበቀለ ነጭ ሽንኩርት አለ። ጋጋኖዎች እየተንጫጩ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘዋወራሉ። እኔ መራመድ የምጠላ ሰው ነኝ፤ ያንን መንገድ ግን ወደድኩት።

ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለሆኑ ከረፋዱ በፊት ዝር የሚል የለም፤ ስለዚህ ጠዋቱ የእናቴ ሆነ። ተነሥቼ ክኒኗን ከነውሃው አቀርብላታለሁ፤ እስክትውጠውም ቆሜ አያለሁ። እናቴን የሚያውቅ ሰው ለምን ቆሜ እንደማይ አይጠይቀኝም። ከዚያ ዳቦ ቆርጬ እሰጣታለሁ። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረውና «ፍራሹ ጋ ስደርስ እበላዋለሁ፤ እዚያ ነው የሚጥመኝ» ትላለች።

ፍራሹ የምንለው ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ነው የሚባለውን ቦታ ነው። ዛሬ ዙሪያው ይታረሳል። የቀረው ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ ካብና እሳት ያጠቆራቸው ጥቂት ድንጋዮች ናቸው። የእናቴ ቅድመ አያት እዚያ ወናፍ ነፊ ነበሩ። አንድ ቀን የእሳት ፍንጣሪ ዘሎ አዲሱን ጋቢያቸውን ግራ ትከሻው ላይ በሳው። ሚስታቸው ልትጥፈው መርፌ ስታነሣ «ተይው! የንጉሥ ቀዳዳ አይጣፍም» ብለው ከለከሏት፤ እስኪሞቱም ድረስ ቀዳዳውን ለሰው እያሳዩ ለበሱት። እናቴ ካቡ ላይ አረፍ ባለች ቁጥር ግራ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገች ይህን ትነግረኛለች። ሁልጊዜ እንደ አዲስ እሰማት ነበር ብል ውሸት ነው። አንዳንዴ ቀድሜያት «አይጣፍም» እላለሁ፤ ያኔ ትቆጣለች።

ታሪኩ ሲያልቅ እኔ ወደ ወንዙ ወርጄ ፊቴን እታጠባለሁ፤ እሷ ቁርሷን ትበላለች። ስመለስ ዳቦው አልቆ፣ ነጠላዋ ተራግፎ አገኛታለሁ። ካቡ ውስጥ ሽኮኮዎች ይኖራሉ። እኔን ሲያዩ እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን እናቴን መሸሽ ተዉ፤ እንዲያውም ከጎኗ ተቀምጠው አገኛቸው ጀመር። «ምነው እነዚህ?» ስላት «ለመዱኝ» አለችኝ። «ሽኮኮ ርኩስ ነው» እያለች ያሳደገችኝ ሴት ከሽኮኮ ጋር ወዳጅነት መጀመሯ አሳቀኝና አለፍኩት።

ነገሩ የመጣው በዚያው ጾም እኩሌታ ላይ ነው። ከፍራሹ ስንመለስ ሾላው ሥር ቆመችና «በየት ነበር የምንሄድ?» አለችኝ። መንገዱ አንድ ነው። ከድካም ነው ብዬ እጇን ያዝኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ውሃውን ስንሻገር «እታለም፣ ቀስ በይ እንጂ» አለችኝ። እናቴ እታለም የምትለው የሞተችውን ታላቅ እኅቷን ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ የተቸለሰብኝ ያህል ደነገጥኩ። ምክንያቱም አያቴን አውቃታለሁ። የእናቴ እናት በመጨረሻ ዘመኗ ቤቷን፣ ጎረቤቶቿን፣ በኋላም ልጆቿን ረስታ ነበር። እናቴ ገላዋን እያጠበች፣ እያጎረሰች ስታስታምማት አያቴ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትላት ነበር። እናቴ «ያንቺ» ትላለች። አያቴ ጥቂት ቆይታ እንደገና ትጠይቃታለች። እናቴ ሳትሰለች ትመልሳለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ያቺ ጥያቄ አንድ ቀን ለእኔ እንደምትደርሰኝ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ይኸው ደረሰ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዞው ፈተና ሆነ። «እማዬ፣ ይሄ ማሳ የማን ነው? እማዬ፣ ትናንት ማን መጥቶ ነበር?» እያልኩ በጥያቄ አዋክባት ጀመር። ማለዳ፣ ገና ከቤት ስንወጣ፣ አንዱንም አትስትም። ፍራሹ አካባቢ ስንደርስ ግን ቃል ይጠፋባታል፤ ደግሞም ትነጫነጫለች። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ምን ሁነሻል? አፌን አሳርፊው!» ትለኛለች። ቤት ስንመለስ ትተኛለች። ከሰዓት በኋላ ምሳዋን በልታ ስትነሣ ደኅና ናት። እኔ የማየው ክፉውን ብቻ ነበርና ይህ ልዩነት አልታየኝም። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ገብቼ የሰው መታወቂያ እያባዛሁ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን ከወንዙ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ካቡ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋቱ ብርድ ነው፤ እሷ ግን ግንባሯ በላብ ርሷል። ሽኮኮዎቹ አጠገቧ ቆመው አፍ አፏን ያያሉ። እናቴ ድንጋዮቹን በእጇ አሳየችኝና «እትዬ፣ ይሄ የፈረሰው የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

እትዬ ያለችው እኔን ነው፤ እንደማታውቀው መንገደኛ። ወዲያው እጇ ተንቀጠቀጠና ወደ ጎኗ ዘመም አለች። ጩኸቴን ሰምታ ነጭ ሽንኩርት ትኮተኩት የነበረች ባለማሳ ሴት እየሮጠች መጣች። «በስመ አብ! ውሃ ለክፏቸው ነው! ወንዝ ዳር እንዲህ ነው የሚያደርግ፤ ጠበል ነው የሚሻላቸው!» እያለች አማተበችባት። አማትባ ግን ዝም ብላ አልቆመችም፤ በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ደግፈን እስከ መንገዱ አደረስናት። የባጃጁ ልጅ ስደውልለት ሩቅ አልነበረም። መንገዱን ሙሉ እናቴን አቅፌ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» እላታለሁ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ የእናቴን ጣት ወግታ ደሟን መሣሪያው ላይ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ።

«ስኳራቸው በጣም ወርዷል። ምን በልተዋል?»

«ዳቦ በልታለች።»

«ሲበሉ አይተሻል?»

አይቻለሁ ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ እሷ ስትበላ ሁልጊዜ እኔ ወንዝ ዳር እንደሆንኩ ትዝ አለኝ። ነርሷ የእናቴን ክንድ ፈልጋ ነጠላዋን ስትገልጥ ቋጠሮው ተፈታና ዳቦው አልጋው ላይ ዱብ አለ። ጠዋት እንደቆረጥኩት ነው፤ ጥርስ አልነካውም። ነርሷ ዳቦውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጉሉኮሱን ሰካች። «ሁዳዴን እየጾሙ ነዋ» አለች። «የስኳር ክኒን ውጠው ካልበሉ ስኳሩ ይወርዳል፤ ይቃዣሉ፣ ሰው ይጠፋባቸዋል።»

«ሲበሉስ?» አልኳት።

«ሲበሉማ ምን ይሆናሉ!»

ጥቂት ቆይታ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ከዚያ እኔ ላይ አፍጥጣ «ፎቶ ኮፒ ቤቱን ማን ከፈተው?» አለችኝ።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዳቦውን አንሥቼ ፊቷ ላይ አወዛወዝኩና «ውሸታም!» አልኳት። «አንቺ ውሸታም!» እስቃለሁ፣ እንባዬም ይወርዳል። የታመመ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች በበሩ ብቅ ብለው በእናቷ ላይ የምትጮኸውን ባለጌ አዩ። ይዩ። እናቴ ውሸታም ናት እንጂ አእምሮዋ ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግስቱ የነፍስ አባታችን ወደ ቤታችን መጡ። ስኳሩ የተገኘ ጊዜ እንዳትጾም የፈቀዱላት እሳቸው ነበሩ።

«አትጹሚ ብዬሽ አልነበረም?» አሏት።

«ብለውኝ ነበር፣ አባቴ።»

«ዳቦውንስ ምን ታደርጊው ነበር?»

እናቴ መሬት መሬት እያየች «ለሽኮኮ» አለች።

«ለነዳይ አትሰጪም?»

«ሰው ይነግርብኛላ፣ አባቴ።»

አባ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና ድምፃቸውን አጠነከሩ። «እንግዲያው ቀኖና ሰጥቼሻለሁ። በየጠዋቱ ክኒንሽን ከወሰድሽ በኋላ ቁርስሽን፣ ልጅሽ እያየች፣ ጠርገሽ ትበያለሽ።»

«አባቴ፣ ስግደት ይስጡኝ» ብላ ለመነቻቸው።

«ቁርስ ነው ያልኩሽ!»

ሐኪም የማይችላትን ቀኖና ቻላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቁርሷን የምትበላው እንደ ሰማዕት ፊቷን አጨማዳ ነው፤ ፍርፋሪ ግን አታስቀርም።

ደኅና ስትሆን እንደገና ወደ ወንዙ ወረድን። ቀጋው አብቦ ነበር። ያቺ ባለማሳ ሴት ከማሳዋ ቀና ብላ «እሰይ! ጠበሉ ሠራላቸው!» አለች። እናቴ «ሠራልኝ፣ ልጄ» ብላ መረቀቻት፤ የዳቦውን ነገር አላነሣችም። ፍራሹ ጋ ስንደርስ ካቡ ላይ ተቀመጠች። ሽኮኮዎቹ ወጥተው ዙሪያዋን ከበቡ። እኔ ወንዝ አልወረድኩም፤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ዳቦዋን አውጥታ ማኘክ ጀመረች። ሲከነክነኝ የሰነበተውን ጠየቅኳት።

«አባ ፈቅደውልሽ ሳለ ለምን ጾምሽ?»

«መጀመሪያማ ሁዳዴን በልቼ አላውቅ፣ አፈርኩ» አለች። «በኋላ ግን መንገዱ ሲጠፋብኝ፣ አንቺን በእታለም ስም ስጠራሽ፣ ለራሴም ይታወቀኝ ነበር። እናቴን አስታመምኩ እኮ። እንደሷ እንዳልሆንብሽ፣ አእምሮዬን እንዳይወስድብኝ ብዬ ጾሙን አጠበቅኩት። ምሳውንም እየቀነስኩ ነበር።»

አእምሮዋን ያሳታት ጾሙ ነው፤ የጾመችው አእምሮዋ እንዳይጠፋ ነው። ሁለታችን አንዱን ፍርሃት ይዘን፣ በአንድ መንገድ፣ ጎን ለጎን ስንሄድ ከርመን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ለፈተናው ስትደነባበር እሷም ፈርታ እንደነበር አላሰብኩም። እጇን ያዝኩ።

እናቴ «በይ ጠይቂኛ» አለችኝ።

«ምን?»

«በጥያቄ ስታደርቂኝ የከረምሽው ለምን እንደሆነ ያልገባኝ መሰለሽ? ዛሬ ጠይቂኝ።»

ማሳው የማን እንደሆነ፣ ትናንት ማን እንደመጣ ልጠይቃት እችል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩት ነው።

«እኔ የማን ልጅ ነኝ?»

እናቴ ማኘኳን አቆመች። ጥያቄውን ታውቀዋለች። አየችኝ፤ ከዚያ የመጨረሻውን ቁራሽ ሽኮኮዎቹ እያዩ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ዋጠችው፣ ነጠላዋንም አራገፈች።

«የዚያች የውሸታሟ» አለችኝ።